ከጨው እስከ ሽታ፦ ቤት ውስጥ በሚሠራ የላስቲክ ትል ላይ ምን፣ መቼና ምን ያህል ይጨመራል?

ጠረጴዛዬ ላይ ዓሣ ማጥመጃ የሆኑ ሁለት የላስቲክ ትሎች አሉ። ከአንድ ሞልድ (ማፍሰሻ ቅርጽ) የወጡ ናቸው። ርዝመታቸው እኩል ነው፤ ቀለማቸውም አንድ ነው። አንደኛውን ውሃ የሞላ ረጅም ማሰሮ ውስጥ ስለቀው ዝግ ብሎ፣ ሁለቱ ጫፎቹ እየተንቀጠቀጡ ይወርዳል። ሌላኛው እንደ ጠጠር ቀጥ ብሎ ይሰምጣል። ልዩነታቸው ጨው ብቻ ነው።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የማጠምደው ፖቶማክ ወንዝ ላይ ነው፤ አፈ ሰፊውን ባስ የሚባለውን ዓሣ። ፖቶማክ ዋሽንግተን አካባቢ ሲደርስ የባሕሩ ውሃ ከፍና ዝቅ ማለት ይሰማዋል። ውሃው በቀን ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል። ቀላል ትል ሣሩ ሥር ከመድረሱ በፊት ውሃው ጠርጎ ይወስደዋል። ከባዱ ደግሞ ዓሣው ሳያየው ጭቃ ውስጥ ይገባል። የራሴን ትል ማፍሰስ የጀመርኩት በዚህ የተነሳ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው ክብደቱ ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል፤ መሐሉን የሚሰጠኝ አላገኘሁም።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ። ፕላስቲኩ ላይ የምትጨምሩት ነገር ሁሉ አንድ ነገር ሲሰጣችሁ አንድ ነገር ይወስድባችኋል። ጨው ክብደት ይሰጣል፣ ጥንካሬ ይወስዳል። ማለስለሻ እንቅስቃሴ ይሰጣል፣ ዕድሜ ያሳጥራል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ጨውም፣ ሽታም፣ ማለስለሻም አንድ ላይ ከጨመራችሁ ትሉ ጥሩ ቢሆን በምን ምክንያት ጥሩ እንደሆነ አታውቁትም።

ዕቃው ምንድን ነው?

የምናቀልጠው ፈሳሽ ፕላስቲሶል ይባላል። ፒቪሲ የሚባል የፕላስቲክ ዱቄት ዘይት መሰል ማለስለሻ ውስጥ ተበጥብጦ ማለት ነው። ቀዝቃዛው ወተት ይመስላል። ሲሞቅ ዱቄቱ ዘይቱን እየጠጣ ያብጥና እንደ ገንፎ ይጓጉላል። ጀማሪ እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም። ማሞቁን ቀጥሉ። ወደ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (350 ፋራናይት) ሲጠጋ ገንፎው ይፈታል፤ ጥርት ብሎ እንደ ሞቀ ማር ይወርዳል። የሚፈሰው ያኔ ነው።

ነገሩ ድሮም ከቤት የወጣ ነው። ኒክ ክሪም የሚባል አሜሪካዊ በ1949 እ.ኤ.አ. ኦሃዮ ውስጥ፣ አክሮን ከተማ፣ የላስቲክ ትል የሠራው ከባለቤቱ ጋር እዚያው ቤቱ ምድጃ ላይ ነበር።

ስትገዙ ፈታሌት የሚባለው ማለስለሻ የሌለበትን ዓይነት ምረጡ። ዕቃው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ጥንካሬውን መካከለኛ አድርጉት፤ ከዚያ ወደ ለስላሳም ወደ ጠንካራም መሄድ ይቻላል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ጭስ፣ ውሃና ቃጠሎ

ይህን ክፍል አትዝለሉት።

ፕላስቲሶል ከ190 ዲግሪ (375 ፋራናይት) ሲያልፍ ይቢጫል፣ ከዚያ ያራል። ፒቪሲ ሲያር ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሳንባንም ዓይንንም የሚያቃጥል ነው። ስለዚህ ሥራው በሩ የተከፈተ ጋራዥ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ ይሁን፤ ማራገቢያው አየሩን ከእናንተ ወደ ውጭ ይግፋ። የጨርቅ ማስክ አይበቃም። ለኬሚካል ትነትና ለአሲድ ጋዝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል። ፕላስቲኩ ሲጨስ ካያችሁ ማሞቂያውን አጥፉና ራቁ፤ ሲረግብ ተመለሱ።

ሁለተኛው ጠላት ውሃ ነው። አንድ ቀን ማማሰያዬን አጠብኩና በፎጣ ጠረግሁት። ደርቋል ብዬ የቀለጠው ውስጥ ከተትኩት። እንጨቱ የጠጣው ውሃ በአንዴ እንፋሎት ሆነ። ፕላስቲኩ ጠስ ብሎ ፈነዳና ወደ ላይ ተረጨ። ጓንትና መነጽር ባላደርግ ኖሮ ፊቴ ላይ ነበር የሚያርፈው። አንዲት ጠብታ ግን የእጅ አንጓዬን አገኘችው፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቀለጠ ፕላስቲክ የሚገባ ነገር ሁሉ አጥንቱ ድረስ የደረቀ መሆን አለበት። ጨውም፣ ማማሰያም፣ ሞልድም። የጀሶ ሞልድ ከሆነ ደግሞ ለቀናት ይደርቅና ላዩ በሙጫ ይሸፈን።

ቆዳ ላይ ከፈሰሰ የተጣበቀውን አትላጡ። ወዲያው ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያህል አቆዩትና ወደ ሐኪም ሂዱ።

ረጅም እጅጌ፣ ሙቀት የሚችል ጓንት፣ መነጽር ልበሱ። ፕላስቲኩን የምታሞቁበት ማይክሮዌቭ ለዚህ ሥራ ብቻ ይሁን፤ ምግብ ዳግመኛ አይግባበት። ልጆች አጠገባችሁ አይኑሩ። የጋለውን የመስታወት መለኪያ ደረቅ እንጨት ላይ አሳርፉት፤ ቀዝቃዛ ወይም እርጥብ ነገር ላይ ካረፈ ይሰነጠቃል።

መነሻው ባዶ ትል ነው

መጀመሪያ ምንም ያልተጨመረበት ትል ሥሩ። ሌላው ሁሉ የሚለካው በሱ ነው።

1. የፕላስቲሶሉን ጠርሙስ በደንብ ነቅንቁት። ዱቄቱ ሥሩ ይዘቅጣል። በደንብ ካልተነቀነቀ የመጀመሪያው ትል ለስላሳ፣ የመጨረሻው ድርቅ ያለ ይሆንና ሙከራው ሁሉ ገደል ይገባል።
2. ሙቀት በሚችል የመስታወት መለኪያ 120 ሚሊ ሊትር ቅዱ። ሙቀት መቋቋሚያ ጠብታ (ፕላስቲኩ ቶሎ እንዳያር የሚረዳ) ካላችሁ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ አሁኑኑ፣ ቀዝቃዛ ሳለ ጨምሩ።
3. አንድ ደቂቃ ተኩል አሙቁ፣ አማስሉ። ከዚያ በ30 ሰከንድ፣ መጨረሻ ላይ በ20 ሰከንድ እያሞቃችሁ በየመሐሉ አማስሉ። የማማሰሉ ነገር ወሳኝ ነው፤ ማይክሮዌቭ አንዱን ጥግ ሲያቃጥል ሌላውን ጥሬ ይተወዋል።
4. በጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር ላዩን ብቻ ነው የሚያነበው። ስለዚህ አማስላችሁ ወዲያው ለኩ። 175 ዲግሪ ሲደርስና ሲጠራ አውጡት።
5. አንድ ሁለት ደቂቃ ቆሞ አረፋው ይውጣ። ወደ 165 ዲግሪ (330 ፋራናይት) ሲወርድ አፍስሱ። ክፍት ሞልድ ከሆነ እንደ ክር አቅጥናችሁ፣ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው። ሁለት ወገን ያለው የአሉሚኒየም ሞልድ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ሲሪንጅ በሚመስለው መግፊያ በዝግታ ግፉት። ሙሉ ነው ካላችሁ በኋላም ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ቆዩ፤ ሲቀዘቅዝ ስለሚሸበሸብ ተጨማሪ ይስባል።

ከሞልድ የወጣውን ቀጥ አድርጋችሁ አስተኙት። ተጣጥፎ ከቀዘቀዘ ተጣጥፎ ይቀራል። ደግሞ በዚያው ቀን አትፍረዱበት። ለስላሳነቱ ቢያንስ እስከ ማግስቱ ድረስ ይለወጣል። እኔ ሁሉንም ትል ከ24 ሰዓት በኋላ ነው የምፈትነው።

ጨው

ጨው ከሁሉም ተጨማሪ ነገሮች በላይ የትሉን ጠባይ ይቀይራል። ያለ ጨው ፕላስቲሶል ከውሃ ብዙም አይከብድም። ጨው ግን ከውሃ በእጥፍ በላይ ይከብዳል። ሴንኮ የሚባለውን ዝነኛ ዱላ መሰል ትል አስቡት። ጋሪ ያማሞቶ ያወጣው ነው፤ በጨው የተሞላ ነው። ምንም የእርሳስ ማስመጫ ሳይጨመርበት ራሱ እየተንቀጠቀጠ የሚሰምጠውም በጨው ክብደት ነው።

ዓሣ ጨው ስለሚወድ ትሉን አፉ ውስጥ ያቆየዋል የሚሉ ብዙ ናቸው። ሊሆን ይችላል። እኔ በዓይኔ አይቼ የምመሰክረው ግን ክብደቱን ነው።

የገበታ ጨው እንዳለ አይሆንም። ፍሬው ትልቅ ከሆነ ፕላስቲኩ ውስጥ ቀዳዳ እንደ መተው ነው፤ ትሉ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ለዚህ ሥራ ብቻ በተለየ የቡና መፍጫ እንደ ዱቄት ፍጩት። ከዚያ ትሪ ላይ ስስ አድርጋችሁ በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት አድርቁት። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የደረቀውን በደንብ በሚከደን ዕቃ አስቀምጡ።

ሙከራው አራት ስኒ ነው። በእያንዳንዱ 120 ሚሊ ሊትር። አንዱ ባዶ። ሁለተኛው 10 ግራም ጨው፣ ሦስተኛው 20፣ አራተኛው 40። በማንኪያ አትለኩ፤ የተፈጨ ጨው ማንኪያ ላይ አንዴ ይታመቃል አንዴ ይሳሳል። የወጥ ቤት ሚዛን ተጠቀሙ። ጨውን የምትጨምሩት ፕላስቲኩ ከጠራ በኋላ ነው፤ በትንሽ በትንሹ፣ እያማሰላችሁ። ቀዝቃዛ ጨው ሙቀቱን ስለሚያወርደው እንደገና 15 ወይም 20 ሰከንድ አሙቁት።

ከዚህ በኋላ ያለው ፈተና ትዕግሥት ይጠይቃል። ጨው ይዘቅጣል። አንድ ትል አፍስሳችሁ ሳታማስሉ ሁለተኛውን ካፈሰሳችሁ አንደኛው ባዶ፣ የመጨረሻው ድንጋይ ይሆናል። በየትሉ መሐል ከሥሩ ጀምሮ ጠርጋችሁ አማስሉ።

20 ግራም ያለበት ለኔ ወንዝ ልክ ነው። ውሃው ቆሞ ሲውል 10 ይበቃል። 40 ግራም ያለው ሩቅ ይወረወራል፣ ቶሎ ይወርዳል፣ ግን አንድ ዓሣ እንደያዘ ይቀደዳል። በተለይ መንጠቆውን ትሉ ወገብ ላይ ለምትወጉ ሰዎች። ወገቡ ላይ ትንሽ የጎማ ቀለበት አጥልቁና መንጠቆውን በቀለበቱ ሥር አሳልፉት፤ ያኔ ጨዋማውም ትል ይከርማል።

ጨው ቀለሙንም ያደበዝዛል። ጥርት ያለው አረንጓዴ ወተት የገባበት ይመስላል። ወይ ቀለም ጨምሩ ወይ ድፍን ቀለም ምረጡ። ሥራው ሲያልቅ መግፊያውንና ሞልዱን ጥረጉ፤ ጨው ብረት ይበላል።

ማለስለሻና ማጠንከሪያ

ጨው ያደረቀውን ማለስለሻ ይመልሰዋል። ለ120 ሚሊ ሊትር ፕላስቲሶል ከ6 ሚሊ ሊትር ጀምሩ፤ እስከ 12 መሄድ ይቻላል። ቀዝቃዛ ሳለ ነው የሚጨመረው። ጅራቱ የሚወዛወዝ ትል በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለስላሳነት ይፈልጋል፤ ላስቲክ ሲበርደው ድርቅ ይላልና። ማጠንከሪያ ተቃራኒው ነው። እኔ ብዙም አልጠቀምበትም።

ቀለምና ብልጭልጭ

ለፕላስቲሶል ተብሎ የተሠራ ቀለም ግዙ። የምግብ ቀለም ውሃ ስላለበት አደገኛ ነው፤ አይዋሃድምም። ለ120 ሚሊ ሊትር ከ5 ጠብታ ተነሱ። መለኪያው ውስጥ የምታዩት ቀለም ያታልላል፤ ብዙ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ጠቆር ይላል። አንድ ጠብታ ፎይል ላይ ጣሉ፣ ትሉን ያህል ውፍረት ይኑረው፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ብርሃን አንሡት። እውነተኛው ቀለም ያ ነው።

ፖቶማክ ብዙ ጊዜ ድፍርስ ነው። እኔ ጥቁር ከሰማያዊ ብልጭልጭ ጋር፣ ወይም የዱባ ቅጠል የመሰለ ጠቆር ያለ አረንጓዴ እጠቀማለሁ። ውሃው ሲጠራ ቀለሙን ቀነስ አድርጌ ብርሃን እንዲያሳልፍ አደርገዋለሁ።

ብልጭልጩ ሙቀት የሚችል መሆኑን አረጋግጡ። ከዕደ ጥበብ ሱቅ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ቀለሙን ይለቃል፤ ቀይ ያልነው ብር ይሆናል፣ ትሉም ሮዝ። መጠኑ ሦስት ዓይነት ነው የሚበዛው፦ 0.4፣ 0.9 እና 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ለቀጭን ትል ትንሹ ይሻላል። ሩብ የሻይ ማንኪያ ለ120 ሚሊ ሊትር ይበቃል። የሚገባው ከማይክሮዌቭ ከወጣ በኋላ ነው፤ አብሮ ሲሞቅ ይጠቀለላል። እሱም ይዘቅጣል፣ አማስሉ።

የዕንቁ ዱቄት የሚባለውን ግን በቁንጥር ብቻ። ቁንጥሩ ለትሉ የትንሽ ዓሣ ሆድ ዓይነት አንጸባራቂነት ይሰጠዋል። ማንኪያ ሙሉ ከሆነ እንደ ቀለም ቅብ ይሸፍነዋል።

ሽታ

ወጥ የሠራ ሰው መከለሻን መቼ እንደሚጨምር ያውቃል። ድስቱ ሊወጣ ሲል። አብሮ ሲንተከተክ ከዋለ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። የትል ሽታም እንዲሁ ነው። ጠብታው የሚገባው ከቀለምም ከብልጭልጭም በኋላ፣ ሙቀቱ ወደ ማፍሰሻው ሲወርድ ነው። ሦስት አራት ጠብታ ለ120 ሚሊ ሊትር። አማስላችሁ ወዲያው አፍስሱ።

ዘይት የሆነ ሽታ ብቻ ተጠቀሙ። የተለመዱት የነጭ ሽንኩርት፣ የክሬይፊሽ (ሸርጣን መሰል የወንዝ እንስሳ) እና የአኒስ ናቸው። አኒስ ኡዞን ያሸተተ ሰው የሚያውቀው ሽታ ነው፤ ለእንስላልም ይቀርባል። ከወጥ ቤት ነጭ ሽንኩርት ጨቅጭቆ መጨመር አይሞከርም። ውሃው ይፈነዳል፣ የቀረው ይበሰብሳል። ሽታውን ማብዛትም አይጠቅምም። የተረፈው ዘይት ትሉን ያልበዋል፣ አረፋም ያበዛል።

አሁን ደግሞ የማምንበትን ልንገራችሁ። ሽታን ውስጡ ከመጨመር ላዩ ላይ መቀባት ይሻላል። ዓሣ በውሃ ውስጥ የሚያጣጥመው በውሃ የሚሟሟ ነገርን ነው። አምባዛን ውሰዱ፤ መላ ሰውነቱ ላይ የመቅመሻ ሕዋሳት አሉት፣ አሚኖ አሲዶችን ከውሃው ይለያል። ዘይት ደግሞ በውሃ አይሟሟም። ፒቪሲ ውስጥ የታሸገ ዘይት ጥቂቱ ብቻ ነው ቀስ እያለ የሚወጣው። ስለዚህ የተፈተነውን ትል በከረጢት አድርጋችሁ፣ ለላስቲክ ትል የተሠራ፣ ሽታ የተቀላቀለበት ዘይት ጥቂት ጠብታ ጨምሩና እሹት። ትሎቹም እርስ በርስ አይጣበቁም። ፕላስቲኩን ሳታበላሹ ዛሬ አኒስ፣ ነገ ነጭ ሽንኩርት መሞከር ትችላላችሁ። ለባስ እንቅስቃሴና ቀለም ይቀድማሉ። የፖቶማክን ሰማያዊ አምባዛ ለሚፈልግ ግን ሽታ ትልቅ ነገር ነው።

የሚያንሳፍፍ ዱቄት

ባዶ የመስታወት እንክብሎች ናቸው፤ እንደ ዱቄት የደቀቁ። ትሉን ቀለል ስለሚያደርጉት የእርሳስ ጭንቅላት ያለው መንጠቆ ላይ ሲገባ ጅራቱ ወደ ላይ ይቆማል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምሩ፣ ጠብታ አቀዝቅዙ፣ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጣሉ። ከሰመጠ ድገሙ። ፕላስቲኩን ያወፍረዋል፣ ቀለሙንም ያነጣዋል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ እንዳይገባ ለብናኝ የሚሆን ማጣሪያ ያለው ማስክ አድርጉ፤ ማራገቢያውንም እስክታማስሉት ድረስ አጥፉት። ከጨው ጋር አንድ ላይ መጨመር ትርጉም የለውም።

ፈተናው

ሦስት ነገር ነው የምፈትነው።

መስመጥ፦ በረጅም ግልጽ ዕቃ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር በማርከር አስምሩ። ትሉን ከነመንጠቆው ልቀቁ፤ ያለ መንጠቆ የተለካ ውሸት ነው። በስልክ በዝግታ ቀረጻ ቅረጹትና ሰከንዱን ጻፉ። ሦስት ጊዜ ደጋግሙ።

መለጠጥ፦ ትሉን ማስመሪያ አጠገብ ይዛችሁ እስኪበጠስ ሳቡ። ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደተበጠሰ ጻፉ። ባዶው ከ40 ግራሙ ጋር ሲተያይ ጨው ምን እንደወሰደባችሁ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

መወዛወዝ፦ ገንዳ ውስጥ በክር ጎትቱት፣ ከዚያ ክሩን ላላ አድርጉት። ጥሩ ትል ስትተዉትም ይሠራል። ባስ አብዛኛውን ጊዜ የሚነክሰው ትሉ ሲወድቅ ነው። ውሃው ላይ የተኛው ክር በድንገት ጥቂት ጣት ወደ ጎን ሲሸሽ ታያላችሁ። እጃችሁ ላይ ምንም አይሰማም። ክሩ ብቻ ነው የሚናገረው።

ከረጢቱ ላይ ቀኑን፣ ጨውን በግራም፣ ማለስለሻን በሚሊ ሊትር፣ ቀለምና ሽታን በጠብታ፣ ያፈሰሳችሁበትን ሙቀት ጻፉ። ከወንዝ ስትመለሱ ስንት ዓሣ እንደነከሰውና ስንት ትል እንደተቀደደ ጨምሩበት። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳልጽፍ ቀረሁና አንድ ግሩም ትል ጠፍቶኛል። እስካሁን መልሼ አልሠራሁትም።

አቀማመጥና መልሶ ማቅለጥ

የተለያየ ቀለም ያላቸውን አንድ ከረጢት ውስጥ አትክተቱ። ጥቁሩ ቀለሙን ለነጩ ያጋባል። በተለይ ደግሞ ኢላዝቴክ ከሚባለው ዓይነት እጅግ ከሚለጠጥ ላስቲክ ጋር አታገናኟቸው፤ ሁለቱ ሲነካኩ ይቀላለጣሉ። ትሉ አንዳንድ የፕላስቲክ ሳጥንንም እንዲሁ ያቀልጣል። የተጣመመ ትል ካለ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጉና ቀጥ አድርጋችሁ አቀዝቅዙት።

የተቀደደ ትል ወንዝ ውስጥ አይጣል። ፕላስቲሶል አይበሰብስም፤ ዓሣ ከዋጠው ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል። እኔ ባዶ ማሰሮ ይዤ እሄዳለሁ፤ የተቀደደው ሁሉ እዚያ ይገባል። ቤት ሲመጣ ጨው ያለበትና የሌለበት ይለያል። ታጥቦ ለሳምንት ይደርቃል፣ መንጠቆ የወጋው ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ይቀራልና። ከዚያ በትንንሹ ተቆርጦ፣ ጥቂት ማለስለሻና ሙቀት መቋቋሚያ ተጨምሮበት ይቀልጣል። በቀለጠ ቁጥር ትንሽ ይቢጫል። ስለዚህ ዳግም የቀለጠውን ለጥቁርና ለጠቆር ያለ አረንጓዴ ብቻ አውሉት።